መጀመሪያ የቤታችሁን መሳቢያ ክፈቱ፦ ደሴ ላይ የቆዩና የጥበብ ፊልሞችን ስለማከማቸት

የቆዩ ፊልሞችን ቤቱ ማሰባሰብ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልቡ የሚሮጠው ወደ ጃፓን፣ ወደ ጣሊያን፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሩሲያ ፊልሞች ነው። ደግ ነው፤ እነሱም ይደርሳሉ። ግን እነዚያ ፊልሞች ጠባቂ አላቸው። የየአገሩ የፊልም ማኅደር ነጋቲቩን (ፊልሙ መጀመሪያ የተቀረጸበትን ጥቅል) በቀዝቃዛ መጋዘን ያስቀምጣል፣ ያድሳል፣ በአዲስ ዲስክ ያወጣል። ዛሬ ያላገኘነውን የዛሬ አምስት ዓመት እናገኘዋለን። በ1990ዎቹ ማብቂያ በቪሲዲ የወጣ አንድ የአማርኛ ፊልም ግን ምናልባት ከእናንተ መሳቢያ በቀር ሌላ ማኅደር የለውም። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከኢንተርኔት ከማውረዳችሁ በፊት የቤታችሁን፣ የአክስታችሁን፣ ቪዲዮ ቤት የነበራቸውን ጎረቤት መሳቢያ ክፈቱ። ደሴ ውስጥ ፊልም ያከራዩ የነበሩ ሱቆች ሥራ ሲቀይሩ ዲስኮቹን የጣሉት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ በካርቶን አድርገው ቆጥ ላይ ወይም አልጋ ሥር አስቀምጠዋቸዋል። «እማማ፣ ያ የድሮው የፊልም ካርቶን አለ እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም ድረ ገጽ የበለጠ ያስገኛል።

ቪሲዲና ዲቪዲ

የቪሲዲ ጥራት ዝቅተኛ ነው። ምስሉ 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው፤ የዲቪዲ ሩብ ማለት ነው። አንድ ዲስክ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ስለሆነ ፊልሙ ሁለት ዲስክ ላይ ተከፍሎ ይመጣል። መጀመሪያ የሚረጋገጠው እንግዲህ ሁለቱም መኖራቸው ነው። ሁለተኛው ዲስክ በሌላ ፊልም ሽፋን ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ካርቶኑን ሙሉ ሳትፈትሹ «ጠፍቷል» አትበሉ።

ቪሲዲ በጭረት ቶሎ የሚጎዳበት ምክንያት አለው። ተራ መረጃ የሚጻፍበት ሲዲ በየክፍሉ ተጨማሪ የስሕተት ማረሚያ አለው። ቪሲዲ ግን ረዘም ያለ ፊልም እንዲይዝ ሲባል የምስሉን ክፍል ያለዚያ ማረሚያ ነው የሚጽፈው። ትንሽ ጭረት ሲያጋጥም አጫዋቹ ምስሉን ሰባብሮ ያልፋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ማንበብ አልተቻለም ብሎ ኮፒውን መሃል ላይ ያቋርጠዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ዲስኩን ይጥለዋል። መጣል የለበትም።

መጀመሪያ እጠቡት። ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ። አጠራረጉ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ነው፤ ክብ እየዞሩ መጥረግ አይሆንም። ምክንያቱም መረጃው የተጻፈው በክብ መስመር ነው። ክብ ጭረት አንዱን መስመር ለረጅም ርቀት ያጠፋዋል። ከመሃል ወደ ጠርዝ የሄደ ጭረት ግን እያንዳንዱን ዙር በጥቂቱ ብቻ ነው የሚቆርጠው፣ ያንን አንባቢው ይሞላዋል። በጥርስ ሳሙና መፈተግን የሚመክሩ አሉ፤ ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ካልሆነ በቀር አትንኩት፣ የራሱን ጭረት ይጨምራል። ቀጥሎ ዲስኩን ወደ አምፖል አንሥታችሁ እዩት። የሲዲና የቪሲዲ መረጃ ያለው ከታች ሳይሆን ጽሑፉ ካለበት ወገን ሥር፣ ከስሱ ቀለም በታች ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ካያችሁ ብርማው ንጣፍ ተልጧል፣ ያ ቦታ አይመለስም። በእስክሪብቶ መጻፍና ተለጣፊ ወረቀት መንቀል ይህን ነው የሚያመጡት። ዲቪዲ መረጃውን በሁለት ስስ ሳህኖች መካከል ስለሚይዝ በዚህ በኩል ይሻላል።

ለመገልበጥ በዩ ኤስ ቢ የሚሰካ የዲቪዲ ድራይቭ ያስፈልጋል፤ አሁን የሚሸጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። በቪሲዲው ውስጥ «ኤምፔግ ኤ ቪ» የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ፤ ፊልሙ መጨረሻው «ዳት» የሆነው ትልቁ ፋይል ነው። ዲስኩ ንጹሕ ከሆነ ፋይሉን እንዲሁ ኮፒ አድርጋችሁ በቪ ኤል ሲ ማጫወቻ ፕሮግራም መክፈት ይበቃል። ካቋረጠ አይሶባስተር የሚባለው ፕሮግራም የማይነበበውን ክፍል እየዘለለ የቀረውን ያወጣል፤ የጠፋው ሁለት ሰከንድ ይሆናል፣ ፊልሙ ግን ይተርፋል። ለተጎዳ ዲቪዲ ዲዲሬስኪው የሚባለው ፕሮግራም የተሻለ ነው፤ የተነበበውን መዝግቦ፣ ያልተነበበው ላይ ደጋግሞ እየተመለሰ ይሞክራል። ለቪሲዲ ግን አይሆንም፣ የቪሲዲን የምስል ክፍል በትክክል አያነብም። አንድ ድራይቭ ያልቻለውን ሌላው ያነበዋልና ከወዳጅ ተውሳችሁ ሞክሩ። ኮምፒውተር ጨርሶ እምቢ ያለውን አንዳንዴ አሮጌ የሳሎን ዲቪዲ ማጫወቻ ያለችግር ያጫውተዋል። ያን ጊዜ ከታች ስለ ካሴት በምንለው መንገድ በገመድ መቅዳት ይቻላል።

የወጣውን የቪሲዲ ፋይል አታሳንሱት፣ አታሳድጉት፣ ወደ ሌላ ዓይነት አትለውጡት። አሁን ምስል «የሚያጠሩ» ፕሮግራሞች በዝተዋል። ሠርተው የሚያወጡት ፊት ግን የተዋናዩ ፊት አይደለም፣ ፕሮግራሙ ገምቶ የሣለው ነው። ለማየት ብላችሁ ብትሞክሩ እንኳ ዋናው ሳይነካ ይቀመጥ።

ለዲቪዲ ሜክ ኤም ኬ ቪ የሚባለው ፕሮግራም ፊልሙን ሳያሳንስ አውጥቶ በአንድ ፋይል ያስቀምጠዋል፤ ከ4 እስከ 8 ጊጋባይት ይመጣል። ቦታ ካነሰ ሃንድብሬክ የሚባለው ፕሮግራም ያሳንሰዋል። የጥራት ቁጥሩን 18 ላይ፣ ፍጥነቱን «ስሎው» ላይ አድርጉ፤ «ዲኖይዝ» የሚለው ይዘጋ። የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ። በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹት የአማርኛ ፊልሞች ምስሉ በሁለት ግማሽ ተከፍሎ ነው የተቀመጠው፣ በሰከንድ 50 ግማሽ። ሰው ሲንቀሳቀስ በጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚታየው መስመር እሱ ነው። ለነዚህ «ዲኢንተርሌስ» ውስጥ «ቦብ» የሚለውን ምረጡ፣ እንቅስቃሴው ሳይጎድል በሰከንድ 50 ሙሉ ምስል ይወጣል። በፊልም ጥቅል የተቀረጸ ፊልም ግን እንደዚያ አይደለም፤ ለሱ ማጣሪያውን ዝጉት፣ ካልሆነ ያለ ምክንያት ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ካሴት ከተገኘ

የቪ ኤች ኤስ ካሴት የደሴ ክረምት ጠላቱ ነው። በመስኮቷ በኩል ጥቅሉን ተመልከቱ፤ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት የመሰለ ካለ ሻጋታ ነው። የሻገተ ካሴት ማጫወቻ ውስጥ አይገባም፤ ሻጋታው የማጫወቻውን ራስ ይደፍናል፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚገባውን ንጹሕ ካሴትም ያበላሻል። ለብቻው በላስቲክ አስቀምጡት፣ ሌላውን ስትጨርሱ ትመለሱበታላችሁ። ንጹሑን ካሴት መጀመሪያ ሳታጫውቱ እስከ መጨረሻው አጠንጥኑና መልሱት። ዓመታት ሳይነካ የቆየ ጥቅል ተጣብቆ ወይም ላልቶ ስለሚሆን እየተጫወተ ድንገት ሊያዝ ይችላል።

ማጫወቻው ከሠራ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመዱን ወደ ዩ ኤስ ቢ መቅረጫ፣ መቅረጫውን ወደ ላፕቶፕ። መጠኑ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ምስል ይሁን፤ የኛ አገር ካሴቶች ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው የተቀረጹት። መቅረጫው ከፋብሪካ ሲመጣ በአሜሪካው ኤን ቲ ኤስ ሲ ላይ ተስተካክሎ ይሆናል፤ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወይም እየተንከባለለ ከመጣ ካሴቱን ከመውቀሳችሁ በፊት እሱን እዩ። ባለ 180 ካሴት 3 ሰዓት ነው፣ መቅዳቱም 3 ሰዓት ይፈጃል፣ ማፍጠኛ የለውም። ምስሉ እየደበዘዘና በረዶ የመሰለ ነጥብ እየሞላው ከሄደ የማጫወቻው ራስ ቆሽሿል፤ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በተነከረ፣ ፀጉር በማይተው ጨርቅ፣ ከበሮውን በእጅ እያዞሩ ጨርቁን ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ነው። ጨርቁን ወደ ላይና ወደ ታች ካንቀሳቀሳችሁት ራሱ ይሰበራል።

የውጭዎቹን ከየት?

ለቆዩ ፊልሞች ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ የሚጀመርባቸው ሦስት ሕጋዊ በሮች አሉ። የሩሲያው ሞስፊልም በራሱ የዩቲዩብ ቻናል ብዙ የሶቪየት ዘመን ፊልሞችን ከነትርጉም ጽሑፋቸው አስቀምጧል። የኮሪያ የፊልም ማኅደርም እንዲሁ በዩቲዩብ የቆዩ የኮሪያ ፊልሞችን ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋር በነፃ ያሳያል፤ ይህን ቻናል ሳያውቁ ዓመታት የሚፈልጉ ሰዎች ያሳዝኑናል። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ደግሞ የባለቤትነት ጊዜያቸው ያለፈ ድምፅ አልባ ፊልሞች አሉ፤ ከዚህኛው በቀጥታ ማውረድም ይቻላል። የሌሊት ፓኬጅ ተጠቅሞ በ720 ጥራት የሁለት ሰዓት ፊልም ሲወርድ ከ1 እስከ 1.5 ጊጋባይት ነው፤ ለ32 ኢንች ቴሌቪዥን ይበቃል።

ፍላሽ ላይ ፊልም ከሚጭኑ ሱቆች የጥበብ ፊልም መፈለግ ብዙም አያዋጣም። ቢገኝም ቅጂው የማን እንደሆነ፣ ተቆርጦ ይሁን አይሁን የሚታወቅበት የለም። ሠሪዎቹም ምንም አያገኙበትም፤ በተለይ የአገራችን ፊልም ሠሪ የሚኖረው በዚያች ገቢ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ይህን ለመጠበቅ ነው። ቤታችሁ ያለውን ዲስክ ለመጠባበቂያ መገልበጥና ገልብጦ መሸጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አትርሱ።

ከውጭ ዘመድ ዲስክ ሲያመጣ የክልል ቁጥሩን አስቀድማችሁ ንገሩት። በዲቪዲ አቆጣጠር ኢትዮጵያ ክልል 5 ናት፣ አሜሪካ 1፣ አውሮፓ 2። በብሉሬይ እኛ ከአውሮፓ ጋር ቢ ውስጥ ነን፤ አሜሪካ ኤ ናት። ስለዚህ ከለንደን የመጣ ብሉሬይ እዚህ በተገዛ ማጫወቻ ይሠራል፣ ከዋሽንግተን የመጣው ላይሠራ ይችላል። ባለ 4ኬ ብሉሬይ ዲስክ የክልል ቁልፍ የለውም። የኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ ክልሉን የሚያስቀይረው 5 ጊዜ ብቻ ነው፣ አምስተኛው ላይ ተቆልፎ ይቀራል፤ ዊንዶውስ «ክልል ይቀየር?» ሲል ሳያስቡ «እሺ» ማለት ድራይቩን ያስረዋል። የዘመድን ሻንጣ ለማቅለል ዲስኩና የሽፋን ወረቀቱ ብቻ በዲስክ ቦርሳ ይምጣ፣ የፕላስቲክ ቤቱ እዚያው ይቅር።

የትኛው ቅጂ?

ይህ ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚገባው ነገር ነው። አንድ ፊልም አለን ማለት ብዙ አይናገርም፤ የትኛው ቅጂ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚታየው ርዝመቱ ነው። የጃፓናዊው አዘጋጅ የኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» ሙሉው 207 ደቂቃ ነው፤ ለውጭ ገበያ ተቆርጦ ሲዞር የነበረው ከዚያ ከ40 ደቂቃ በላይ ያጥራል። በ1927 እ.ኤ.አ. የወጣው የጀርመን ፊልም «ሜትሮፖሊስ» ለረጅም ዘመን ተቆራርጦ ነው የታየው። በ2008 እ.ኤ.አ. ቦነስ አይረስ ውስጥ የጎደሉትን ትዕይንቶች የያዘ ቅጂ ተገኝቶ በ2010 እ.ኤ.አ. ታድሶ ሲወጣ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሰማንያ ምናምን ደቂቃ ያለው ፋይል ካላችሁ ሌላ ነገር ነው ያላችሁ፤ ደህና ቢሆን እንኳ በዚያው ስሙ ይመዝገብ። ድምፅ አልባ ፊልሞች ላይ ደግሞ ፍጥነቱን እዩ። ብዙዎቹ የተቀረጹት በሰከንድ ከ24 ባነሰ ምስል ስለነበር፣ ሳይስተካከሉ ሲገለበጡ ሰዎቹ እየተንደረደሩ የሚሄዱ ይመስላሉ።

አራት በመቶ ያህል ብቻ ካጠረ ግን አትደንግጡ፤ ምንም አልተቆረጠም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፣ የአውሮፓ ዲቪዲ በ25 ያጫውተዋል፤ 100 ደቂቃው 96 ይሆናል፣ ድምፁም ትንሽ ቀጠን ይላል። ይህቺው ልዩነት ናት የትርጉም ጽሑፍን የምታበላሸው። ለአንዱ የተሠራውን ጽሑፍ ለሌላው ስታደርጉት መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ ይርቃል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይራራቃል። ቪ ኤል ሲ ላይ «ጂ» እና «ኤች» ቁልፎችን በመጫን ማስጠጋት የሚረዳው ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። እየሰፋ የሚሄደውን ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም ገብቶ የምስል ፍጥነቱን ከ25 ወደ 23.976፣ ወይም እንደ ፊልሙ በተቃራኒው መቀየር ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው የሚታየው የምስሉ ቅርጽ ነው። ከ1953 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ፊልሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ አራት ማዕዘን የቀረቡ ናቸው፤ ወርዱ ቁመቱን 1.37 ጊዜ ያህል ነው። በአዲሱ ቴሌቪዥን ላይ በግራና በቀኝ ጥቁር ሲተው ትክክሉ ያ ነው። ቤተሰቡ «ስክሪኑን ሙላው» ብሎ ቢያስለጥጠው ሰው ሁሉ በሢሶ ይሰፋል፤ ከላይና ከታች ቆርጦ ቢያሰፋው ደግሞ የሰው ግንባርና እግር ይጠፋል። አስቀድሞ ተቆርጦ የተዘጋጀ ፋይል ከሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ሌላ ቅጂ መፈለግ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው» እና በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ጥቁርና ነጭ ናቸው። ሁለተኛው በ16 ሚሊሜትር ጥቅል ስለተቀረጸ የሚንቀሳቀስ ፍሬ ፍሬ ነገር ምስሉ ላይ ይታያል። ያ ቆሻሻ አይደለም፣ ምስሉ የተሠራበት ራሱ ነው፤ ቴሌቪዥኑ «እንዲያጠራው» ከፈቀዳችሁለት ፊቶቹን ሰም የተቀቡ ያስመስላቸዋል።

ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ላይ የምስል ዓይነቱን «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» አድርጉ፣ «ሻርፕነስ» ወደ ዜሮ ይውረድ፣ «ኖይዝ ሪዳክሽን» ይዘጋ፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውም ይዘጋ። ይህ የመጨረሻው በየፋብሪካው ስሙ የተለያየ ነው፤ ፊልሙ የቀጥታ ስርጭት ድራማ ከመሰላችሁ አልዘጋችሁትም ማለት ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ራሳችሁ ብትሠሩለት ለወላጆች ትልቅ ስጦታ ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ ፋይሉ ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ይቀመጥ፣ ካልሆነ ፊደሉ ተበላሽቶ ይከፈታል። ቪ ኤል ሲ ላይ ሣጥን ሣጥን ብቻ ከታየ በጽሑፍ ምርጫው ውስጥ ኒያላን ወይም አቢሲኒካን ምረጡ። በፍላሽ በቀጥታ ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ ግን ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ያለው መፍትሔ ከላፕቶፕ በኤች ዲ ኤም አይ ገመድ ማሳየት ነው።

ሃርድ ዲስኩ

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁለት መቶ ፊልም በ2 ጊጋ 400፣ መቶ ፊልም በ10 ጊጋ 1,000፤ ድምሩ 1.4 ቴራባይት። ባለ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ኮምፒውተሩ ላይ 1.8 ብሎ ስለሚታይ ይበቃል፣ ለጭማሪም ይተርፋል። ፍላሽ ለማጓጓዣ እንጂ ለማስቀመጫ አይሁን። ገበያ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈባቸው፣ ውስጣቸው ግን 8 ጊጋ የሆኑ ፍላሾች አሉ። ፊልሙ የተገለበጠ ይመስላል፣ ሲከፈት ግን የለም። ኤች 2 ቴስት ደብሊው የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም እስከ ጥግ ሞልቶ አንብቦ እውነቱን ይናገራል፤ ሳትፈትሹ ምንም አትጫኑበት።

በፋት 32 ፎርማት የተዘጋጀ ዲስክ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለው አልቀበልም ሲል ምክንያቱ ይኸው ነው። ለዋናው ማኅደር ኤን ቲ ኤፍ ኤስ እንመርጣለን፣ መብራት በድንገት ሲሄድ ከኤክስፋት የተሻለ ይቋቋማል። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው ዲስክ ምንጊዜም ቅጂ ይሁን፣ ዋናው አይሁን። ዲስኩ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ካልተነሣ ተበላሽቷል ብላችሁ አትፍረዱ፤ የቴሌቪዥኑ ዩ ኤስ ቢ የሚሰጠው ኃይል 500 ሚሊአምፔር ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ለሚሽከረከር ዲስክ ያንሳል። ባለ ሁለት ራስ ገመድ ወይም የራሱ ኃይል ያለው ማከፋፈያ ይፈታዋል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው ዕቃ የሚበሉት። ሲጠፋ ከሶኬቱ ንቀሉ፣ ከመጣ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ስኩ። ለማየት ብቻ ከሆነ 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብትጠቀሙ 600፣ ኢንቨርተሩ የሚበላው ሲቀነስ 500 ገደማ ይቀራል። ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕና ትንሽ ድምፅ ማጉያ አንድ ላይ 80 ዋት ቢወስዱ ስድስት ሰዓት ነው።

ፕሮጀክተር ያላችሁ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ «ሃይ አልቲቲዩድ» የሚለው ምርጫ እንዲበራ ያዛሉ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ በተለመደው የማራገቢያ ፍጥነት አይቀዘቅዙም። ይህን ሳያበሩ ቆይተው «አምፖሉ ቶሎ ተቃጠለ» የሚሉ በሁለቱም ከተማ አሉ። ሁለተኛው የቡና ጢስ ነው። ዕጣኑና ከሰሉ ሌንሱና የአየር ማጣሪያው ላይ ስስ ቅባት ይሠራል፤ ቡና በሚፈላበት ክፍል ከሆነ ማጣሪያው በየወሩ ይታይ።

እርጥበቱ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ወረቀት እንኳ ይለሰልሳል። ዲስኮችና ካሴቶች በውጭው ግድግዳ ላይ በተደገፈ ቁም ሣጥን አይቀመጡ፤ በመካከለኛው ግድግዳ፣ ከወለሉ ከፍ ብለው፣ ቆመው ይደርደሩ። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ሣጥን ጥሩ ነው፣ ግን የምትዘጉት በጥር ወይም በየካቲት ደረቅ ቀን ይሁን። ነሐሴ ላይ የተዘጋ ሣጥን የነሐሴን እርጥበት ውስጡ ይዞ ነው የሚከርመው። የሽፋን ወረቀቶቹን ለብቻ አስቀምጡ፣ ሻጋታ የሚጀምረው ከነሱ ነው፤ ከዚያ በፊትም ፎቶ አንሡአቸው። በብዙ የአማርኛ ፊልሞች ላይ የተዋናዮቹና የባለሙያዎቹ ሙሉ ስም ያለው ሽፋኑ ጀርባ ላይ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ሙቀቱ ነው፣ የሚሠራ ሃርድ ዲስክ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አይታፈን። ከደሴ ብርድ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የመጣ ሃርድ ዲስክም ሙቅ ክፍል ገብቶ ወዲያው አይሰካ፤ ውስጡ ላብ ሊይዝ ስለሚችል ሁለት ሰዓት በቦርሳው ይቆይ።

መዝገቡ

በኤክሴል አንድ ገጽ ይበቃል፦ ስም በአማርኛ፣ ስም በራሱ ቋንቋ፣ ዓመት፣ አዘጋጅ፣ ርዝመት በደቂቃና በሰከንድ፣ ከምን እንደተገለበጠ፣ የጎደለው ካለ፣ የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ። ሁለት ነገሮች በኛ ዘንድ ያምታታሉ። አንዱ ዓመቱ ነው። ከፈረንጆቹ ዓመት ጋር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ስለሆነ ወሩ ሳይታወቅ ቀንሶ መጻፍ ያሳስታል። ሁለት ዓምድ አድርጉና የምታውቁትን ብቻ ሙሉ። ሌላው ፊደል ነው። «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ»፣ «ፀሃይ» ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ፈልጎ አላገኘሁም ሲል ፊልሙ እዚያው አለ። አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ ለፋይሉ ስም በሱ ጽኑ፣ በሽፋኑ ላይ ያለውን አጻጻፍ ደግሞ በሌላ ዓምድ እንዳለ አስቀምጡ።

ቅጂው የት ይቀመጥ?

ሦስት ቅጂ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ደሴ የሚኖር ሰው ወዲያው የሚያስበው ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ ነው። ለእሳት፣ ለሌባና ለውሃ ይህ ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ግን ሁለቱም ከተሞች በአንድ ሰሞን ነው የተያዙት፤ ሰው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ ኮምፒውተርና ሃርድ ዲስክ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ለእንዲህ ያለ ቀን ርቀት አይደለም። ስለዚህ ሦስተኛው ቅጂ አዲስ አበባ ወይም ከዚያ በላይ ይራቅ። በተለይ የአማርኛዎቹ። ቪሲዲዎቹ ብቻቸውን ትንሽ ናቸው፤ ሁለት ዲስክ ያለው ፊልም ቢበዛ 1.6 ጊጋ ነውና መቶው በአንድ 256 ጊጋ ዲስክ ይገባል፣ በተማሪ ልጅ ቦርሳም ይሄዳል።

ከመላኩ በፊት ሰቨን ዚፕ በሚባለው ፕሮግራም የየፋይሉን «ሻ 256» ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) አውጡና ከመዝገቡ ጋር አብራችሁ ላኩት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረም ላይና ከፋሲካ በኋላ፣ ያ ዲስክ ተሰክቶ ቁጥሩ ይነጻጸር። አንዲት ፊደል ከተለየች ያ ፋይል ተበላሽቷልና ከሌላው ቅጂ ይተካ። ዲስኩ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የመጨረሻው ፍተሻ ቀን፣ የፍተሻው ውጤትና ቀጣዩ ቀን ይጻፍበት፤ ተቀባዩ ዘመድ ስለ ፊልም ምንም ባያውቅ እንኳ ቀኑ ሲደርስ ስልክ መደወል ያውቃል።